ፋብሪካ የሌለበት አገር መርዝ፦ በዋግ ኽምራ የኬሚካል አደጋና የብክለት ጽዳት ዳሰሳ

ስለ ኬሚካል አደጋ በአገራችን የሚጻፈው በአብዛኛው ከፋብሪካ ይነሳል፤ ከአቃቂ ወንዝ፣ ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ ከቆቃ ሐይቅ። ይህ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ፋብሪካ የሌለበት ምድር ንጹሕ ነው የሚል እምነት ሳናስበው ያሳድርብናል። የዋግን ከተማ ሰቆጣንና ዙሪያዋን ያየ ሰው ይህን እምነት በቀላሉ ይቀበላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ፣ እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ገደልና ተረተር፣ ፍየልና ንብ፣ ማሽላና ጤፍ ነው የሚታየው። ቆዳ የሚያለፋ፣ ጨርቅ የሚያቀልም፣ አሲድ የሚያፈላ ትልቅ ፋብሪካ የለም።

ይሁንና ዋግና አጎራባቾቹ ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኬሚካል ሲወርድባቸው፣ ሲረጭባቸው፣ ሲከማችባቸውና ሲሸጥላቸው ኖረዋል። አንዱ በጠላት አውሮፕላን መጣ፣ ሌላው በወባ ርጭት ሠራተኛ ጀርባ፣ ሌላው በአንበጣ ዘመቻ፣ ሌላው በገበያ ቀን በሱቅ መደርደሪያ። ሁሉም ከውጭ ገብተዋል፤ ተመልሰው ስለ መውጣታቸው ግን የታሰበበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ወደ ደጋው የገባው መርዝ በማን ኃላፊነት ይወጣል?

ከሁሉ የቀደመው የኢጣሊያ ወረራ መርዝ ነው። የኢጣሊያ አየር ኃይል በሰሜን ግንባር ኢፕሪት የተባለውን የመርዝ ጋዝ ማውረድ የጀመረው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ ያረፈውም በተከዜ ዳር በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። ወንዙ ዋግን ዞሮ ወደ ምዕራብ ከታጠፈ በኋላ ባሉት መሻገሪያዎች፣ ከሰማይ የወረደው ጣሳ ሲፈርጥ የፈሰሰው ፈሳሽ የሰውን እጅ፣ እግርና ፊት እያቃጠለ አቆሰለ። በዚያው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ ተራው የኮረምና የአሸንጌ ሐይቅ ሆነ። ኮረም ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ተራራውን ተሻግሮ ያለች ከተማ ናት። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ ማይጨው የወጣው በእርሷ በኩል ነው፤ ከመጋቢት 22 ቀን ውጊያ በኋላ የሸሸውም በእርሷ በኩል ነው። በኮረም ሜዳ ድንኳኑን የተከለው የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ሜሊ የቀይ መስቀል ቡድን በቦምብ ተመታ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ስዊዘርላንዳዊው ማርሴል ጁኖም በጋዙ የተቃጠሉትን ወታደሮችና ገበሬዎች ዐይቶ መስክሯል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙትን ንግግር ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በፖለቲካው ነው። እኔ ግን ሳነበው የመጀመሪያው የአካባቢ ብክለት ክሳችን ሆኖ ይታየኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በወታደሩ ላይ ስለ ደረሰው ብቻ አልተናገሩም። ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን እንዴት እንዳጠቃ በዝርዝር አስረድተዋል። ውኃውና ሣሩ በተጎጂዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ውኃና ያንን ሣር የመረመረው ወገን ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ኢፕሪት በአፈር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ስሙ ጋዝ ቢሆንም ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ሙቀቱ ከ14 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ደግሞ ይረጋል። በተከዜ ሸለቆ ቆላ ቶሎ ይተናል፤ ውኃ ውስጥ የሟሟው ክፍልም ይፈራርሳል። የኮረም ደጋ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ነው። ረግቶ የቀረው በቀጣዩ ቀን ፀሐይ ሲመታው እንደገና ይተናል፤ መርዙ ካረፈ በኋላ በዚያው መንገድ ያለፈ መንገደኛና ከብት የተጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በግልጥ ሜዳ ላይ የተረጨው ኢፕሪት ጠፍቷል ብሎ መናገር ይቻላል። የማይጠፋው ሳይፈነዳ በአፈር የተቀበረው ነው። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ ብቻውን ሁለት መቶ ኪሎ ግራም ገደማ ኢፕሪት ይይዝ ነበር። በብረት ውስጥ ታሽጎ የቀረ ኢፕሪት ከላይ ወፍሮ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ያቃጥላል። የኢጣሊያ ጦር የተጠቀመባቸው የአርሲን መድፍ ጥይቶች ደግሞ በውስጣቸው አርሴኒክ አለ። አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ ፈራርሶ አያልቅም፤ ከአፈር ወደ ውኃ ከውኃ ወደ አፈር ሲዛወር ይኖራል።

ጣሊያን በ1917 ዓ.ም. የተፈረመውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ፕሮቶኮል ካጸደቁት አገሮች አንዷ ነበረች። መንግሥቷ ጋዙን መጠቀሟን በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም. በመከላከያ ሚኒስትሩ በዶሜኒኮ ኮርቾኔ አንደበት ነው፤ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ። ለዚያም የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ለዓመታት ተሟግቷል። ወደ ጦርነቱ ዘመን ስንመለስ፣ በማይጨው የተዋጋው የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ዋግን አስነስቶ ሲዋጋ በ1930 መግቢያ ተገደለ፤ አንገቱም ተቆረጠ። ዋግ ይህን አርበኛውን በሚገባ ያስታውሳል። መርዙ የወደቀባቸው ሜዳዎች፣ መሻገሪያዎችና የውኃ መውረጃዎች ግን እንዲህ ያለ አስታዋሽ አላገኙም።

በዚህ ጉዳይ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1988 ዓ.ም. ያጸደቀችው የኬሚካል የጦር መሣሪያ ስምምነት፣ አንድ መንግሥት ከ1925 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በሌላ አገር ምድር ላይ ያለ ባለአገሩ ፈቃድ ጥሎት ለሄደው የኬሚካል መሣሪያ ማስወገጃ ወጪውን የሚችለው ጣይው እንዲሆን ይደነግጋል። ጃፓን በዚህ ድንጋጌ መሠረት በቻይና ምድር የቀበረችውን በራሷ ገንዘብ እያስቆፈረች ታስወግዳለች። ቻይናን ያነሣኋት ለሌላም ነገር ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት በቺቺሃር ከተማ ለግንባታ ሲቆፈር የወጡ የኢፕሪት በርሜሎች አንድ ሰው ገድለው ከ40 በላይ አቁስለዋል። መርዙ ከተቀበረ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። በኮረም፣ በአሸንጌና በተከዜ ዳር መንገድና መስኖ ሲቆፈር፣ በ1931 ዓ.ም. በመርዝ በተመታው የመንዝ አመጸኛ ዋሻም ጉብኝት ሲበረታ፣ ቀድሞ ካርታ ማዘጋጀት ቅንጦት አይደለም። የኢጣሊያ አየር ኃይል ምን ያህል ቦምብ የት እንደጣለ መዝግቧል፤ ዴል ቦካ የጻፈውም ከዚያ መዝገብ ነው። ሰነዱን ከአካባቢው አረጋውያን ቃል ጋር አስተያይቶ በመሬት ላይ ማስፈር በአንድ ዩኒቨርሲቲ አቅም የሚሠራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መርዝ የመጣው ነፍስ ሊያድን ነው፤ ስለዚህም ስለ እርሱ መናገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1950 እና 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት ዲዲቲን በጀርባ መርጫ ይዞ ወደ ቆላው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ርጭት በኋላ ትንኟ ዲዲቲን ስለተላመደችው አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሌሎች ፀረ ተባዮች ዞረች። ያ ርጭት ያዳነው ሕይወት ብዙ ነው፤ ይህን ዘንግቶ ዲዲቲን ማውገዝ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገር ግን ዲዲቲ ቶሎ አይጠፋም። በአፈር ውስጥ ግማሹ ለመፈራረስ እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጅበታል፤ ሲፈራርስም ዲዲኢ የተባለ፣ በስብ ውስጥ የሚከማች ልጁን ይተካል። በጅማ አካባቢ የተደረገ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ አግኝቶታል። ደግሞም ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ከርጭት የተረፈው እየተሰረቀ ለጫት፣ ለእህል ጎተራ፣ ለቁንጫ ውሏል። ዋግን የሚመለከተው የመልክዓ ምድሩ ነገር ነው። ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም፤ ከደለል ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። የዋግ ተራሮች አፈር ደግሞ በየክረምቱ በፀላሪና በሌሎች ገባሮች በኩል ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ያ ደለል በአብዛኛው ወደ ሱዳን አያልፍም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ይዞት ይቀራል። በዚያ ሐይቅ ላይ የአበርገሌና የዝቋላ ወረዳዎች ወጣቶች ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ዓሣው ሰቆጣ ድረስ ይሸጣል። ከግድቡ ኋላ የተከማቸውን ደለልና የዓሣውን ስብ በየጥቂት ዓመቱ መመርመር ከአካባቢ ጥበቃ ሥራ ሁሉ ትንሹና ርካሹ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነም ለዓሣ አጥማጆቹ ምስክር ወረቀት ይሆናቸዋል።

ጽዳት ምን እንደሚመስል አገራችን አንድ ጊዜ በትልቁ ዐይታዋለች፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ ተብሎ በእርዳታና በግዥ የገባ ፀረ ተባይ፣ ወረራው ካለፈ በኋላ እየደረሰ፣ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ እየመጣ፣ በየእርሻ ቢሮው፣ በየማኅበሩና በየጤና መጋዘኑ ለአርባ ዓመት ተጠራቀመ። በርሜሉ ዛገ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ ጽሑፉ ለቀቀ። ቆጠራ ሲደረግ ሦስት ሺህ ቶን የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት መርዝ በመቶ በሚቆጠሩ ቦታዎች ተገኘ፤ በአፍሪካ ከታዩት ትልልቅ ክምችቶች አንዱ ነበር። አንዳንዱ መጋዘን በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት አጠገብ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴርና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በለጋሾች ገንዘብ ማንሳት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር 1,500 ቶን ያህል በአዲስ በርሜል ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ወደ ፊንላንድ ተጫነና ከፍተኛ ሙቀት ባለው ምድጃ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ምድጃ አልነበራትም፤ ለዚህ ነው የአንድ ወረዳ መጋዘን ቆሻሻ ባሕር መሻገር ያስፈለገው።

ከዚህ ሥራ የተማርነው ሁለት ነገር ነው። መርዙን ለማንሳት ከወጣው ድካም ብዙውን የበላው ምን የት እንዳለ ማወቅ ነበር። ስሙ የጠፋ ፈሳሽ እንዴት እንደሚታሸግ፣ ከምን ጋር እንደማይገናኝ፣ ለሠራተኛው ምን ዓይነት ጓንትና መተንፈሻ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። አንድ የወረዳ ግምጃ ቤት ኃላፊ በየዓመቱ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በአንድ ደብተር ቢጽፍ ኖሮ፣ ያ ደብተር ከብዙ የውጭ አማካሪ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ችግር ከበርሜሉ በታች ያለው አፈር ነው። በርሜል ይጫናል፤ ለዓመታት ያንጠባጠበበት ወለልና አፈር ግን በቦታው ይቀራል። መጋዘኑ ከፈረሰ በኋላ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ወይም ለእህል መጋዘን ቢሰጥ ማንም አያውቅም። በሰቆጣም ሆነ በየወረዳው ቀድሞ ፀረ ተባይ የተቀመጠበት እያንዳንዱ ቦታ በከተማው የመሬት መዝገብ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

በ2012 እና 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአፍሪካ ቀንድ ሲነሣ፣ የአማራ ክልል ምሥራቃዊ ዞኖችም ሲመቱ፣ ማላታይን፣ ክሎርፒሪፎስና የመሳሰሉት በአውሮፕላንና በመኪና ተረጩ። አማራጭ አልነበረም፤ የደረሰ ማሽላ በአንድ ከሰዓት ሲበላ ላየ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚህ ኬሚካሎች እንደ ዲዲቲ ለዓመታት አይቆዩም። በሳምንታትና በወራት ይፈራርሳሉ። አደጋቸው ፈጣኑ ነው፤ ነርቭን ይመታሉ፣ ንብ ላይ ደግሞ ምሕረት የላቸውም። የዋግ ነጭ ማር ከአገር የታወቀ ሀብት ነው፤ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ንብ ማነብን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። ርጭት ከመደረጉ በፊት በነበረው ምሽት ቀፎ እንዲዘጋ ወይም እንዲነሣ ለአናቢው መንገር አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ፤ የአናቢዎች ስም ዝርዝርም ሊኖረው ይችላል።

ከርጭቱ የሚተርፈው ባዶ ጀሪካን ነገር እጅግ ያሳስበኛል። ባዶ የተባለው ጀሪካን ባዶ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የቀረው ፈሳሽ ሕፃን ለመግደል ሊበቃ ይችላል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ግን ክዳን ያለው ጠንካራ ጀሪካን ዋጋ አለው፤ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ ያለቀለቁበትን ውኃ መልሶ ወደ መርጫው ጨምሮ፣ ጀሪካኑን በስቶ መመለስ የሚለው ትምህርት ትክክል ነው፤ ገበሬው በስቶ ሲመልስ ግን በምትኩ ንጹሕ የውኃ ጀሪካን ሊሰጠው ይገባል። ያለዚያ የምንጠይቀው ከድሃ ሰው ዕቃውን እንዲያጠፋ ነው።

ለጎተራ ነቀዝ የሚሸጠው እንክብል ከሁሉ አጣዳፊ ነው። ሴልፎስ ወይም ፎስቶክሲን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ መድኃኒት የለውም። ሥራው በታሸገ መጋዘን በሠለጠነ ሰው የሚደረግ ነው። ገበያ ላይ ግን በፍሬ ይሸጣል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ይጨመራል። ምሽት ላይ በር ሲዘጋ ጋዙ ከሰው ጋር ይቀራል። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ሰቆጣ ሆስፒታል እስኪደረስ ሰዓታት ያልፋሉ። እንክብሉ ለግለሰብ ቤት እንዳይሸጥ መከልከልና አየር የማያስገባውን የእህል ማስቀመጫ ከረጢት በድጎማ ማቅረብ አብረው ካልሄዱ ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ነቀዙ እህሉን እየበላበት ያለ ሰው ሕግ አይመልሰውም።

ባለፉት ዓመታት ጦርነት በዋግ ምድር የቀሩት ተተኳሾችም የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ናቸው። ሳይፈነዱ የቀሩት ከመግደል አልፈው ቲኤንቲና አርዲኤክስን ወደ አፈርና ወደ ጉድጓድ ውኃ ይለቃሉ። የፀሐይ ኃይል መብራት ከገባ ወዲህ የተበላሸ የእርሳስ ባትሪም በየቤቱ ይገኛል፤ በእጅ እየተሰበረ እርሳሱ ሲቀልጥ ጢሱ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ፋብሪካውም እየቀረበ ነው። በኮምቦልቻ የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የከተማዋን ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይዘው ወደ ቦርከና ይወርዳሉ፤ ተመራማሪዎች ከቆዳ ፋብሪካው በታች ከፍተኛ ክሮሚየም አግኝተዋል። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ በለገ ደንቢ ወርቅ ማዕድን ዙሪያ የኖረው ሕዝብ ስለ ልጆቹ ጤና ጮኾ ጮኾ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ታገደ። በዋግ የብረት ማዕድን መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል፤ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ የወንዙን፣ የጉድጓዱንና የአፈሩን የዛሬ ሁኔታ ለክቶ ለማስቀመጥ የተሻለው ጊዜ ነው። የቅድሙ ልኬት ከሌለ ኋላ ከሳሽም ተከሳሽም በግምት ይከራከራሉ።

ሕጋችን በወረቀት ደህና ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ ይክፈል ይላል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አሉ። ሁሉም ግን አድራሻ ያለው በካይ አለ ብለው ይነሣሉ። በዋግ ደግሞ በካዮቹ የፈረሰ የፋሽስት መንግሥት፣ የተዋሐደና ስሙ የተቀየረ መሥሪያ ቤት፣ እርዳታ ሰጥቶ የሄደ ድርጅት፣ ወይም ነቀዝ ያስጨነቀው አባወራ ናቸው። ባለቤት ለሌለው ብክለት ባለቤት የሚሆን፣ በጀት ያለው አካል በሕጉ ላይ በግልጽ መጨመር አለበት፤ ይህ ክፍተት በአዋጆቹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይከፋል ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ግብርናን፣ ጤናንና ውኃን በአንድ ገበታ አስቀምጧል። መቀንጨር ከመርዝ ጋርም ይያያዛልና፣ የጉድጓድ ውኃ ሲመረመር ከጀርም በተጨማሪ ፀረ ተባይና አርሴኒክ እንዲታይ ለማድረግ ከዚያ ገበታ የተሻለ ቦታ የለም። ናሙናውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ልኮ ውጤት መጠበቅ ግን መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ይቋረጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ መሠረታዊ ምርመራ የሚሠራ ቤተ ሙከራ በሰቆጣ መቋቋም አለበት፤ የሚሠሩበት ወጣቶችም ከዞኑ ልጆች መካከል በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ ከተማሩት ሊመለመሉ ይችላሉ።